18ቱን እንቅስቃሴ 5 ያደረገው ግንበኛ፦ የፍራንክ ጊልብሬዝ ሕይወት

12 ልጆች ያሉትን ቤተሰብ ትርምስ የሚያሳየውን «ቺፐር ባይ ዘ ደዝን» የተባለ ፊልም ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ስቲቭ ማርቲን የሠራበት የ2003ቱ ፊልም ከእውነተኛው ታሪክ የወሰደው ርዕሱንና የልጆቹን ብዛት ነው ማለት ይቻላል። የእውነተኛው ቤተሰብ አባት ሥራውን የጀመረው በግንበኝነት ነው። ስሙ ፍራንክ ጊልብሬዝ ይባላል።

ዛሬ በየፋብሪካውና በየኮንስትራክሽን ሳይቱ «ካይዘን»፣ «ሊን»፣ «ብክነት መቀነስ» ሲባል እንሰማለን። ብዙ ሰው ነገሩ ሁሉ ከጃፓን የመጣ ይመስለዋል። ጃፓኖቹ ግን ከነሱ በፊት የተጻፈውን አንብበዋል። ካነበቧቸው ሰዎች አንዱ ይሄ ሰውዬ ነው። ከሞተ 100 ዓመት አልፎታል፤ እሱ ያነሳው ጥያቄ ግን ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንፃው ሥር ቆሟል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዩኒቨርሲቲ ትቶ ጡብ

ፍራንክ የተወለደው በ1868 ሜይን በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ፌርፊልድ ከተማ ነው። አባቱ የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው። ልጁ ገና 3 ዓመት አልፎት ሳለ አባትየው ሞተ። እናቱ ማርታ ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበረች። ልጆቿ ጥሩ ትምህርት ቤት እንዲገቡላት ብላ ከሜይን ወደ ማሳቹሴትስ መጣች፤ በመጨረሻም ቦስተን ከተማ ውስጥ ቤት ይዛ ክፍል እያከራየች፣ ለተከራዮቿ ምግብ እያቀረበች አሳደገቻቸው።

በ1885 ፍራንክ ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰ። 17 ዓመቱ ነው። ኤም.አይ.ቲ የተባለውን ትልቅ የቴክኖሎጂ ተቋም የመግቢያ ፈተና አለፈ፤ አልገባም። በልጅነቱ የሰንበት ትምህርት ያስተማረው ሬንተን ዊደን የሚባል ኮንትራክተር ነበር፤ እሱ ዘንድ ሥራ ገባ። ሰውዬው ታዲያ ወንበር አልሰጠውም። ሙያውን ከሥር ጀምሮ እንዲማር ብሎ ጡብ ከሚደረድሩት ግንበኞች ጋር በተለማማጅነት ቀላቀለው።

የመጀመሪያው ችግር እዚሁ መጣ። አንደኛው ግንበኛ ያሳየዋል። ሌላው መጥቶ እንደዚያ አይደለም ብሎ በሌላ መንገድ ያሳየዋል። ልጁ ግራ ተጋባ። ቀስ ብሎ ሲያያቸው ደግሞ የባሰ ነገር ተገለጠለት። አንድ ግንበኛ ራሱ ሦስት ዓይነት አሠራር አለው፦ ቀስ ብሎ ሲሠራ አንድ፣ ተቻኩሎ ሲሠራ ሌላ፣ ሰው ሲያስተምር ደግሞ ሦስተኛ። ጡብ መደርደር ሺህ ዓመታት ያስቆጠረ ሙያ ነው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት የትኛው አሠራር ይሻላል ብሎ ቁጭ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ሌላ ተለማማጅ ቢሆን የተነገረውን ይዞ ይቀጥላል። ፍራንክ ግን መቁጠር ጀመረ።

ጎንበስ ቀና

በዚያ ዘመን ጡቡ የሚከመረው ግንበኛው በቆመበት ወለል ላይ ነበር። ግንበኛው ይጎነበሳል፣ ጡብ ያነሳል፣ ይቃናል፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ጥሩውን ፊት ይፈልጋል፣ ደግሞ ለሞርታሩ ይጎነበሳል። ጡቡን ካስቀመጠ በኋላ በማንኪያው እጀታ ቀጥ ቀጥ አድርጎ ያስተካክላል። ፍራንክ እነዚህን አንድ በአንድ ሲቆጥር ለአንዲት ጡብ 18 እንቅስቃሴ አገኘ።

ስሌቱን እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ጡቧ 2 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው። ግንበኛው ግን ጡቧን ለማንሳት 68 ኪሎ ገደማ የሚሆነውን የራሱን ሰውነት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ መልሶ ያነሳል። ይሄን በቀን 1,000 ጊዜ ያህል ያደርገዋል። ቀኑን ሙሉ የሚያነሳው ከባዱ ነገር እንግዲህ የራሱ ሰውነት ነው። ማታ ወገቡን ይዞ ቤቱ የሚገባውም ለዚህ ነው።

በወቅቱ ሥራ ሲዘገይ አለቃው የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነበር፤ ሠራተኛው ላይ መጮህ። ሰነፍ ነው፣ ይለግማል፣ ይባላል። ፍራንክ ያየው ሌላ ነው። ሰውዬው እየሠራ ነው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ እየሠራ ነው። ጉልበቱ የሚባክነው ዕቃው በተቀመጠበት ቦታ ምክንያት ነው። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ዕቃው ነው።

ያደረገውም ይሄንኑ ነው። መጀመሪያ በተለምዶ ስካፎልዲንግ የምንለውን መወጣጫ ቀየረው። ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥር ግንበኛው የሚቆምበትም፣ ጡቡና ሞርታሩ የሚቀመጥበትም መደብ አብሮ ከፍ የሚል አደረገው። ጡቡ ሁልጊዜ ከወገብ ከፍታ አይርቅም፤ መጎንበስ ቀረ።

ቀጥሎ ጡቡ ከጋሪ ሲወርድ የቀን ሠራተኞች አንድ በአንድ እያዩ እንዲመርጡት አደረገ። የተሰበረው ይወጣል፤ ደህናው ጥሩ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ እንደ ትንሽ ባሬላ ባለ የእንጨት ፍሬም ላይ ይደረደራል። ግንበኛው ጡብ ማገላበጡን ተወ። በአንድ እጁ ጡብ፣ በሌላው ሞርታር በአንድ ጊዜ እንዲያነሳም ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡለት። በመጨረሻ የሞርታሩን ውፍረት አስተካከለ። ልኩ ሲገኝ ጡቡ በእጅ ተጫን ሲደረግ ቦታውን ይይዛል፤ በማንኪያ መቀጥቀጥ አያስፈልግም።

18 የነበረው እንቅስቃሴ 5 ሆነ። ቦስተን አካባቢ በተሠራ አንድ ግድግዳ ላይ፣ አሠራሩን የተማሩ ግንበኞች በሰዓት በአማካይ 350 ጡብ ደረደሩ። በድሮው አሠራር አንድ ሰው በሰዓት የሚደረድረው 120 ያህል ነበር። ማንም አልሮጠም፤ ማንም አልተጮኸበትም። ትርፉ ነገር ስለተወገደ ብቻ ነው።

የራሱ ድርጅት

በ1895 ፍራንክ ከቀጣሪው ወጥቶ የራሱን የኮንስትራክሽን ድርጅት ከፈተ። ሥራው ሰፋ፤ ቦስተን፣ ኒውዮርክ፣ በኋላም ለንደን ቢሮ ነበረው። ግድብ፣ ፋብሪካ፣ የመኖሪያ ቤቶች ሠራ። የኮንክሪት መቀላቀያን ጨምሮ በስሙ የተመዘገቡ ፈጠራዎች አሉት። በ1906 ሳንፍራንሲስኮን የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ሲያወድማት መልሶ ግንባታው ላይ ተሳትፏል።

አንዷን ሥራ ግን ለይተን እንንገራችሁ። በ1902 ኤም.አይ.ቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ላቦራቶሪ ማሠራት ፈለገ። ሥራውን የወሰደው ፈተናውን አልፎ ሳይገባ የቀረው ፍራንክ ነበር። በ11 ሳምንት ገደማ ሠርቶ አስረከበ።

በ1908 እና በ1909 የሳይት አሠራሩን በመጽሐፍ አሳተመው። ብዙ ኮንትራክተር ምስጢር አድርጎ የሚይዘውን እሱ ደንብ በደንብ ዘረዘረው። ዕቃ የት ይቀመጥ፣ ሪፖርት እንዴት ይጻፍ፣ ፎቶ መቼ ይነሳ፣ ሁሉም አለ። ሠራተኛው የተሻለ አሠራር ካሰበ ጽፎ የሚያስገባበት የሐሳብ ሳጥን፣ ለጥሩ ሐሳብም ሽልማት ነበረ። ዛሬ ካይዘን ሲሠለጠን ሠራተኛው ሐሳብ ያዋጣ የሚባለው በዚያ ዘመን ሳይት ላይ ነበር ማለት ነው።

ሊሊያን

በ1904 ፍራንክ ሊሊያን ሞለርን አገባ። ሊሊያን ካሊፎርኒያ ያደገች፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ናት። እሱ ድግሪ የለውም፤ እሷ ሁለተኛ ድግሪ ነበራት፤ በ1915 ደግሞ ከብራውን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች። እሷ ስትገባ ሥራው ተለወጠ። ፍራንክ እጅና ወገብ ያያል፤ ሊሊያን ደግሞ ሠራተኛው ምን ይሰማዋል፣ ምን ያደክመዋል፣ ለምን ይሰለቻል ብላ ትጠይቃለች። በ1914 ስለ አስተዳደር ሥነ ልቦና የጻፈችው መጽሐፍ ሲታተም ስሟ በአጭሩ በፊደል ብቻ ወጣ። ሴት መሆኗ እንዳይታወቅ ነው።

12 ልጆች ወለዱ። ሜሪ የተባለችው ሁለተኛ ልጃቸው በ1912፣ ገና በ5 ዓመቷ፣ በዲፍቴሪያ ሞተች። ቤተሰቡ ስለዚህ ሐዘን ብዙም አያወራም ነበር።

አባትየው የሥራውን ፀባይ ቤትም ይዞት ይገባል። ልጆቹ ቆይተው በጻፉት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ ሰደርያውን የሚቆልፈው ከታች ወደ ላይ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች 7 ሴኮንድ ይፈጃል፣ ከታች ወደ ላይ ግን 3። አንድ ሰሞን ደግሞ በሁለት ምላጭ በሁለት እጁ ጢሙን ለመላጨት ሞከረ። 44 ሴኮንድ ቆጠበ። ግን አንገቱን ቆርጦ ለማሸግ 2 ደቂቃ ፈጀበት፤ ያናደደውም ቁስሉ ሳይሆን 2 ደቂቃው ነው። ፈጠነ ማለት ተሻሻለ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

የተቆጠበው የማን ነው?

እስካሁን የነገርናችሁ ጥሩ ጥሩውን ነው። ግንበኞቹ ራሳቸው ግን ሁሉም አላጨበጨቡም።

የግንበኞች ማኅበራት የፍራንክን አሠራር ተቃወሙት። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ ከሠራ፣ ሁለቱ የት ይሄዳሉ? ግድግዳው በ3 ሳምንት ፋንታ በ1 ሳምንት ካለቀ፣ የቀሩት 2 ሳምንታት ደሞዝ ከየት ይመጣል? አሠራሩን ለተቀበሉ ሠራተኞች ክፍያው ከፍ ይል ነበር፤ ሆኖም ምርቱ 3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ክፍያው 3 እጥፍ አልሆነም።

ፍራንክ ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ አልነበረውም። እሱ የሚያምነው ሥራ ርካሽ ሲሆን ብዙ ሰው እንደሚያስገነባና ሥራውም እንደሚበዛ ነው። ይሄ አንዳንዴ እውነት ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ትርፉ ኮንትራክተሩ ኪስ ገብቶ ይቀራል። ዛሬም ሊን ወይም ካይዘን ሲመጣ ሠራተኛው በጎሪጥ የሚያየው ስለማይገባው አይደለም። ማን እንደሚጠቀም ገና ስላልተነገረው ነው።

ከዘመኑ ትልቅ ሰው ጋርም ተለያይቷል። ፍሬድሪክ ቴይለር የሥራ አስተዳደር ሳይንስ አባት የሚባለው ነው። ፍራንክ በ1907 ተዋውቆት ተከታዩ ሆነ። በኋላ ግን የቴይለር ሰዎች ሠራተኛው ጀርባ ቆመው በሰዓት መቁጠሪያ ሲለኩ አልዋጠለትም። ሰዓት ምን ያህል እንደፈጀ ይናገራል፤ ለምን እንደፈጀ ግን አይናገርም። ፍራንክ የፈለገው እንቅስቃሴውን ራሱን ማየት ነው።

ካሜራውን ያነሳውም ለዚህ ነው። በ1912 አካባቢ ኮንስትራክሽኑን ትቶ ፋብሪካዎችን ማማከር ጀመረ። ሠራተኛውን ከትልቅ ሰዓት ጋር አብሮ በፊልም ይቀርጸዋል። ጣት ላይ ትንንሽ መብራት እያሰረ እጅ በአየር ላይ የሚሄድበትን መስመር በፎቶ ያስቀራል። እንቅስቃሴዎቹን በዓይነት ከፋፍሎ «ቴርብሊግ» አላቸው፤ የራሱን ስም ከኋላ ወደ ፊት አንብቦት ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሞችንም ቀረጸ፤ ቀዶ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው መሣሪያ ሲፈልግ እንደሆነ አይቶ፣ አጠገቡ ሆኖ መሣሪያ የሚያቀብል ሰው ይኑር አለ። ዛሬ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚሠራው እንዲሁ ነው።

በ1916 ከሊሊያን ጋር ስለ ድካም መጽሐፍ አሳተሙ። ሠራተኛ ቆሞ እንዲውል የሚያስገድድ ምክንያት ከሌለ ወንበር ይሰጠው፣ ዕረፍት ይኑረው ይሉ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ እጅ እግራቸውን ያጡ ወታደሮች እንዲሠሩ መሣሪያው እንዴት ይስተካከል የሚለውን አጠኑ። ነገሩ አሁንም ያው የጡቡ ነገር ነው፤ ሰውየውን ከሥራው ጋር ከማስገደድ ሥራውን ለሰውየው ማስተካከል።

ያልተቋጨው ስልክ

ፍራንክ በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሲሠራ በጽኑ ታመመ፤ ልቡ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ጤናው አልተመለሰም። እሱ ግን አልቀነሰም። የሰውን ድካም ሲያጠና የኖረ ሰው የራሱን ድካም አልሰማውም።

ሰኔ 14 ቀን 1924 ከሚኖርበት ከሞንትክሌር፣ ኒውጀርሲ ሊጓዝ ባቡር ጣቢያ ደረሰ። በቀናት ውስጥ ወደ አውሮፓ ሄዶ ለንደንና ፕራግ ላይ ስብሰባ ሊካፈል ነበር። ከጣቢያው ለሊሊያን ስልክ ደወለ፤ እያወሩ ሳለ ልቡ ቆመ። 55 ዓመቱ ነበር። ሊሊያን 11 ልጆች ይዛ ቀረች፤ ትንሿ ገና 2 ዓመቷ ነበር።

ሊሊያን ከቀናት በኋላ መርከብ ተሳፍራ በእሱ ቦታ አውሮፓ ሄደች። ስትመለስ ደንበኛ ከነበሩት ድርጅቶች ብዙዎቹ ሴት አማካሪ አንፈልግም ብለው ውላቸውን ተዉት። እሷም ያንኑ ዕውቀት ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው። ምድጃው፣ መክተፊያው፣ የውሃ ቧንቧው የት ቢሆን ሴትየዋ ትንሽ ትራመዳለች ብላ አጠናች። በእግር ተረግጦ የሚከፈተው የቆሻሻ ማጠራቀሚያና የፍሪጅ በር ላይ ያለው መደርደሪያ ከስሟ ጋር ይያያዛሉ። 11ዱም ልጆች ኮሌጅ ገቡ። እሷ እስከ 1972 ኖረች።

ከጡብ እስከ ካይዘን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶዮታ ውስጥ ታይቺ ኦኖ ብክነትን በ7 ከፈለው፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ ትርፍ ሂደት፣ ትርፍ ክምችት፣ ትርፍ እንቅስቃሴ እና ጉድለት። ትርፍ እንቅስቃሴ የምትለዋ የፍራንክ ጎንበስ ቀና ናት። ለቶዮታ ያሠለጠነው ሺጌዎ ሺንጎ የጊልብሬዝን ሥራ አጥንቷል። ሐሳቡ በ1992 ላውሪ ኮስኬላ በተባለ የፊንላንድ ተመራማሪ ጽሑፍ ተመልሶ ወደ ኮንስትራክሽን መጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም «ሊን ኮንስትራክሽን» የሚለው ስም ተሰጠው።

አዲሶቹ ሰዎች ፍራንክ ያላየውን አንድ ነገር ጨመሩ። እሱ የአንድን ግንበኛ እጅ አየ። ሳይት ላይ ግን ትልቁ ብክነት ብዙ ጊዜ በባለሙያዎች መካከል ያለው መጠባበቅ ነው። ግሌን ባላርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1990ዎቹ ሲለካ፣ ለሳምንቱ ከታቀደው ሥራ በሰዓቱ የሚያልቀው ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆኖ አገኘው። መፍትሔው ዕቅዱን ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው አብረው እንዲያወጡት ነው። ሲሚንቶው ካልመጣ፣ መወጣጫው ካልተሠራ፣ እችላለሁ ብሎ ቃል አለመግባት።

ኢትዮጵያም ከጃፓን ጋር ተባብራ በ2011 የካይዘን ኢንስቲትዩት አቋቁማለች። «5ቱ ማዎች» የሚለውን ፖስተር ግድግዳ ላይ ያያችሁ ብዙ ናችሁ። ፖስተር መለጠፍ ቀላል ነው። ከፖስተሩ አጠገብ ግን ልስን አልቆ ለኤሌክትሪክ መስመር ግድግዳው እንደገና ይፈለፈላል። ብሎኬት አንድ ቦታ ይራገፋል፣ በማግስቱ ወደ ሌላ ቦታ ይጋዛል፣ ግማሹ ይሰበራል። የቀን ሠራተኛው ከጠዋት ጀምሮ አሸዋ እስኪመጣ ቁጭ ይልና ከሰዓት ሲመጣ ቶሎ በል ተብሎ ይጮኽበታል።

ከፍራንክ ሕይወት የሚወሰደው ለዚህ ነው። ፎርማን ከሆናችሁ፣ ሥራ ሲዘገይ ከመጮህ በፊት ለ10 ደቂቃ ቆማችሁ እዩ፤ ሰውዬው ስንት ጊዜ ጎነበሰ? ዕቃ ለማምጣት ስንት እርምጃ ሄደ? ማንን ይጠብቃል? ግንበኛ ወይም ረዳት ከሆናችሁ ደግሞ፣ ምን እንደሚያደክማችሁ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስትናገሩት ግን የተቆጠበው ለማን እንደሚሆንም አብራችሁ ጠይቁ። ያንን ጥያቄ ከ100 ዓመት በፊት የቦስተን ግንበኞች ጠይቀውታል፤ በደንብ የመለሰላቸው የለም።

ሳይት ላይ የምትሠሩ ተከታታዮቻችን፣ እናንተ ጋ በየቀኑ የሚባክነው ምንድን ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።